ሩሌት እንዴት ነው የሚሠራው? ከደብረ ብርሃንና ከአካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጣርማበር በላይም ሆነ በታች፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ሩሌት የሚያጫውት ካዚኖ የለም። ጥያቄው ግን አለ፤ ጨዋታው በስልክ ገብቷል። ፑል ቤት ተራ የሚጠብቀው ልጅም፣ ዶርም ውስጥ ያለው ተማሪም፣ ናይሮቢ ደርሶ የመጣው ነጋዴም ይጠይቃል። ከዚህ በታች ዕቃውን፣ ደንቡንና ሒሳቡን አስቀምጠናል። ሒሳቡ ላይ ረዘም አድርገናል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ሩሌት ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ዙሪያውን ቁጥር የተጻፈበት ክብ መሽከርከሪያ ይዞራል፣ ትንሽ ኳስ በተቃራኒው አቅጣጫ ትለቀቃለች፣ ኳሷ ያረፈችበት ቁጥር ያሸንፋል። ተጫዋቹ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት እንደምታርፍ ገምቶ ገንዘብ ያስይዛል። ዳማ ማሰብ ይጠይቃል፣ የጥምቀት ሜዳው ቀለበት ውርወራም የእጅ ልምድ ይፈልጋል። ሩሌት ሁለቱንም አይፈልግም፤ አሥር ዓመት የተጫወተና ዛሬ የጀመረ ሰው ዕድላቸው እኩል ነው።

ጨዋታው የተወለደው በ18ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ነው። አሁን አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ባለ አንድ ዜሮ ሩሌት የተስፋፋው ፍራንሷና ሉዊ ብላን የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1843 ጀርመን ውስጥ ባድ ሆምቡርግ በምትባል ከተማ ካስጀመሩት በኋላ ነው። የዘመኑ ሌሎች ካዚኖዎች ሁለት ዜሮ ሲያጫውቱ እነሱ አንዱን ቀንሰው ደንበኛ ሳቡ። ፍራንሷ ኋላ ላይ ሞናኮ ውስጥ ያለውን የሞንቴ ካርሎን ካዚኖ ይዞ ከበረ።

መሽከርከሪያው ከምን ከምን የተሠራ ነው?

ውጭው የማይንቀሳቀስ የእንጨት ገንዳ ነው፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውስጡ በብረት ምሶሶና በኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ የሚዞር ክፍል አለ። በዚህኛው ክፍል ዳርቻ 37 ማረፊያዎች ተደርድረዋል፤ አንዱን ከሌላው የሚለዩት ቀጫጭን የብረት መለያዎች ናቸው። ከ1 እስከ 36 ካሉት ቁጥሮች ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ዜሮ አረንጓዴ ነች።

በገንዳው ላይኛ ጠርዝ ኳሷ የምትሮጥበት ቦይ አለ። ከቦዩ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 16 የአልማዝ ቅርጽ ያላቸው የብረት እንቅፋቶች ተተክለዋል። ኳሷ ፍጥነቷ ሲደክም ከቦዩ ትወርዳለች፤ አንዱን እንቅፋት መትታ አቅጣጫ ትቀይራለች፤ ከዚያም በመለያዎቹ ጫፍ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለች ሁለት ሦስት ጊዜ ዘልላ ትገባለች። የመጨረሻዋን ዝላይ ማንም አስቀድሞ ሊያውቃት አይችልም፤ እንቅፋቶቹ የተተከሉትም ለዚሁ ነው። ኳሷ ድሮ ከዝሆን ጥርስ ትሠራ ነበር፤ አሁን ከቴፍሎን ወይም ከሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ ነች፣ ውፍረቷም 18 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

የዕቃው ዋና ጠላት መዝመም ነው። ገንዳው በአንድ ወገን ትንሽ ካዘነበለ ኳሷ ደጋግማ ከአንድ ቦታ መውረድ ትጀምራለች፤ ስለዚህ ካዚኖዎች እየቆዩ በውሃ ልክ ይለኩታል። ሁለተኛው ችግር የመለያዎቹ መላላት ነው። የላላ መለያ ኳሷን አያነጥራትም፣ ያበርዳታል፤ ስለዚህ ከአጠገቡ ያለው ማረፊያ ከድርሻው በላይ ይቀበላል።

ቁጥሮቹ በተራ ያልተቀመጡት ለምንድን ነው?

ባለ አንድ ዜሮው መሽከርከሪያ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ 0፣ 32፣ 15፣ 19፣ 4፣ 21፣ 2፣ 25፣ 17፣ 34፣ 6፣ 27፣ 13፣ 36፣ 11፣ 30፣ 8፣ 23፣ 10፣ 5፣ 24፣ 16፣ 33፣ 1፣ 20፣ 14፣ 31፣ 9፣ 22፣ 18፣ 29፣ 7፣ 28፣ 12፣ 35፣ 3፣ 26። ቀይና ጥቁር ይፈራረቃሉ፤ ትናንሽና ትላልቅ ቁጥሮችም ይቀላቀላሉ። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያሉት 1 እና 2 እዚህ ተራርቀዋል። መሽከርከሪያው ቢዘምም እንኳ «ከ1 እስከ 12» ላይ ያስያዘ ሰው ቁጥሮቹ በዙሪያው ተበትነው ስለሚገኙ ብልሽቱ በቀላሉ አይጠቅመውም።

አንድ ዙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይሄዳል?

አጫዋቹ፣ በፈረንሳይኛው ክሩፒየር የሚባለው፣ ያለፈውን ዙር ሒሳብ ዘግቶ ማስያዝ ይፈቅዳል። ሰዎች ቺፕ (በብር ፈንታ የሚያዝ ትንሽ ክብ ቁራጭ) እያስቀመጡ ሳሉ መሽከርከሪያውን ያዞርና ኳሷን በተቃራኒው ይለቃታል። ኳሷ እየሮጠችም ማስያዝ ይቻላል። ጥቂት ዙር ሲቀራት አጫዋቹ እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማስያዝ ማብቃቱን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የተነካ ቺፕ አይቆጠርም። ደጋግሞ የነካ ሰው በአጭበርባሪነት ይባረራል።

ኳሷ ስታርፍ አጫዋቹ ቁጥሩን ጠርቶ ጠረጴዛው ላይ ያለው ያንኑ ቁጥር ላይ ምልክት ያቆማል። ቀጥሎ የተበሉትን ቺፖች ጠርጎ ያነሳል፣ ከዚያ ላሸነፉት ይከፍላል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይኸው ነው፤ ምልክቱ እስኪነሳ ድረስ ማንም እጁን አያስገባም። ኳሷ ከገንዳው ዘልላ ከወጣች፣ ወይም ዕቃ ከወደቀባት፣ ዙሩ ይሰረዛል፣ ያስያዙትም ባለበት ይቆያል።

አዲስ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ሲያሸንፉ ትርፉ ይሰጥዎታል እንጂ ያስያዙት ቺፕ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ይቀራል። የእርስዎ ነው፤ ካላነሱት ግን ለሚቀጥለው ዙር እንደተያዘ ይቆጠራል። ትርፉን ኪሳቸው ከትተው ዞር ሲሉ ዋናውን የተበሉ ብዙ ናቸው።

የት የት ማስያዝ ይቻላል? ስንትስ ይከፈላል?

ጠረጴዛው ላይ ዜሮ ከራስጌ ትቀመጣለች፤ ከሥሯ ቁጥሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው በ12 ረድፍ ይወርዳሉ። ቺፑ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ቃል ነው፤ መስመር ላይ ከሆነ ሌላ፣ መሐል ላይ ከሆነ ሌላ ትርጉም አለው። የሚከተለው ለ1 ብር ሲያሸንፉ የሚሰጠው ትርፍ ነው።

አንድ ቁጥር፣ ቺፑ መሐሉ ላይ፦ 35 ብር
ሁለት ጎረቤት ቁጥሮች፣ ቺፑ በመካከላቸው ባለው መስመር ላይ፦ 17 ብር
ሦስት ቁጥር ወይም አንድ ሙሉ ረድፍ፣ ቺፑ በረድፉ ዳር መስመር ላይ፦ 11 ብር
አራት ቁጥር፣ ቺፑ አራቱ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፦ 8 ብር
ስድስት ቁጥር፣ ቺፑ ሁለት ረድፎች በሚገናኙበት ዳር ላይ፦ 5 ብር
አሥራ ሁለት ቁጥር (ከ1 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 24፣ ከ25 እስከ 36፣ ወይም አንድ ሙሉ ዓምድ)፦ 2 ብር
ቀይ ወይም ጥቁር፣ ሙሉ ወይም ጎዶሎ፣ ከ1 እስከ 18 ወይም ከ19 እስከ 36፦ 1 ብር

አውሮፓ ውስጥ በመሽከርከሪያው ቅደም ተከተል በቃል ማስያዝም አለ። በዜሮ ዙሪያ ያሉትን 17 ቁጥሮች በ9 ቺፕ፣ ከማዶ ያሉትን 12 ቁጥሮች በ6 ቺፕ፣ የቀሩትን 8 ቁጥሮች በ5 ቺፕ መያዝ ይቻላል። ሲሰሙት የተለየ ጥበብ ይመስላል፤ ሲፈቱት ግን ከላይ የተዘረዘሩት ጥምር ነው።

ዜሮ ስትወጣ ምን ይሆናል?

ዜሮ ቀይም ጥቁርም፣ ሙሉም ጎዶሎም አይደለችም፤ በየትኛውም ዓምድ ወይም ደርዘን ውስጥም የለችም። እሷን ነጥለው ወይም ከጎረቤቶቿ ጋር ከያዙ ሰዎች በቀር ሁሉም ይበላል። አንዳንድ የፈረንሳይ ደንብ የሚከተሉ ጠረጴዛዎች ላይ ግን ዜሮ ስትወጣ ቀይና ጥቁርን የመሰሉ እኩል ከፋዮች ላይ ያስያዘ ሰው ግማሹ ይመለስለታል። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ለተጫዋቹ ከሁሉም ይሻላል። ብዙ ቦታ ግን አይገኝም።

ቤቱ፣ ማለትም ካዚኖው፣ ትርፉን የሚያገኘው ከየት ነው? መሽከርከሪያውን ይነካካል?

መነካካት አያስፈልገውም። 37 ማረፊያ አለ፤ ክፍያው የሚታሰበው ግን 36 ብቻ እንዳለ ተደርጎ ነው። ምስጢር የለውም፤ ጠረጴዛው ላይ ተጽፎ ይታያል።

በብር እንሥራው። በየዙሩ 10 ብር በቁጥር 17 ላይ እያስያዙ 37 ዙር ቢጫወቱና እያንዳንዱ ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ ቢወጣ፣ ያስያዙት በድምሩ 370 ብር ነው። 17 አንድ ጊዜ ሲወጣ 350 ብር ትርፍና ያስያዙት 10 ብር ይመጣል፣ በጠቅላላው 360። ጎደሎው 10 ብር ነው፣ ከ370 ውስጥ 2.7 በመቶ። ቀይ ላይ ቢያስይዙም ያው ነው፤ 18 ጊዜ ያገኛሉ፣ 19 ጊዜ ይበላሉ፣ ልዩነቱ ከ37 አንድ ነው። ባለ አንድ ዜሮ ጠረጴዛ ላይ ከላይ ካሉት ሁሉ የሚሻል ወይም የሚብስ ቦታ የለም፤ ግማሹን የሚመልሰው የፈረንሳይ ደንብ ከሌለ ሁሉም 2.7 በመቶ ናቸው።

2.7 በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ የምትቆረጠው ግን ይዘው ከመጡት ገንዘብ ሳይሆን በየዙሩ ካስያዙት ድምር ነው። ያንኑ እህል ደጋግሞ ወፍጮ ቤት እንደመውሰድ ነው፤ በሄደ ቁጥር የማስፈጫው ይከፈላል። 1,000 ብር ይዞ የገባ ሰው እያገኘም እየተበላም ያችኑ ብር አሥር ጊዜ ካዞራት ያስያዘው 10,000 ብር ሆኗል፤ በአማካይ 270 ብሩ ቤቱ ጋር ቀርቷል።

ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ዜሮ ልዩነታቸው ምን ያህል ነው?

ክፍያው አንድ ሆኖ ማረፊያው ብቻ ይጨምራል። አንድ ዜሮ ያለው 37 ማረፊያ አለው፣ የሚቆረጠው 2.7 በመቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ሁለት ዜሮ ያለው 38 ማረፊያ ይዞ 5.26 በመቶ ይቆርጣል። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሦስት ዜሮ ያላቸው 39 ማረፊያ ያላቸው ጠረጴዛዎችም አሉ፤ እነሱ 7.69 በመቶ ይወስዳሉ። ባለ ሁለት ዜሮው ላይ 0፣ 00፣ 1፣ 2 እና 3ን በአንድነት የሚይዝ ቦታ አለ፤ 6 ለ 1 ይከፍላል፣ የሚቆረጠው 7.89 በመቶ ነው፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። በስልክም ሆነ በአካል ከመቀመጥዎ በፊት አረንጓዴዎቹን ይቁጠሩ።

ቀይ ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ወጥቷል። አሁን ጥቁር አልደረሰም?

አልደረሰም። ኳሷ ያለፈውን አታውቅም፤ በሰባተኛውም ዙር የጥቁር ዕድል ከ37 አሥራ ስምንት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጥቷል። ሰዉ «አሁንስ ቀይ ነው» እያለ መደቡን እያሳደገ ሲከምር አመሸ፤ ቤቱም ሰበሰበ።

ካዚኖዎች ያለፉትን ቁጥሮች በትልቅ ሰሌዳ የሚያሳዩት፣ ስልኩም ላይ «ትኩስ» እና «ቀዝቃዛ» እያለ የሚዘረዝረው ለዚሁ ነው። ሰሌዳው ውሸት አይናገርም፤ ግን ለቀጣዩ ዙር የሚጠቅም ነገር የለውም። ጥቅም ቢኖረው ኖሮ በነፃ ባልሰቀሉት።

«37 ዙር ውስጥ ቁጥሬ አንድ ጊዜ መውጣቱ አይቀርም» የሚለውም ያው ስሕተት ነው። አንድ የተመረጠ ቁጥር በ37 ዙር አንዴም ሳይወጣ የመቅረት ዕድሉ 36 በመቶ ገደማ ነው። በ100 ዙር እንኳ ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜ ከ6 በመቶ ይበልጣል።

ስበላ እጥፍ እያደረግሁ ባስይዝስ? አንድ ቀን ማሸነፌ አይቀርም።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ማርቲንጌል ይባላል። 20 ብር ቀይ ላይ ያስይዛሉ፤ ከተበሉ 40፣ ከዚያ 80፣ 160፣ 320፣ 640። በየትኛውም ቢያገኙ የቀደመው ሁሉ ይመለስና 20 ብር ትርፍ ይኖርዎታል። በወረቀት ላይ አይነቃነቅም።

የሚያፈርሰው የጠረጴዛው ጣሪያ ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ትንሹና ትልቁ ማስያዣ ተጽፎበታል። ጣሪያው 1,000 ብር ከሆነ ስድስቴ ከተበሉ በኋላ ሰባተኛው 1,280 ብር ስለሚሆን አይፈቀድም። እስከዚያ የወጣው ገንዘብ 1,260 ብር ነው፤ ሲፈልጉት የነበረው ትርፍ 20 ብር። ስድስት ጊዜ ተከታትሎ የመበላት ዕድል ከ55 አንድ ገደማ ነው። 54 ጊዜ ተሳክቶልዎ 20 ብር፣ 20 ብር ቢሰበስቡ 1,080 ብር ይሆናል፤ አንዷ ክፉ ተራ 1,260 ይዛ ትሄዳለች።

ጣሪያ ባይኖርስ? ያን ጊዜ የሚያልቀው ኪስ ነው። በ10 ብር የጀመረ ሰው አሥር ጊዜ ከተበላ 10,230 ብር አውጥቷል። ይህ ዘዴ ሰውን የሚያሳምነው ብዙውን ቀን ስለሚሠራ ነው። ሰውየው ሁለት ሳምንት ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲያገኝ ከርሞ ዘዴውን አምኖ መነሻውን ያሳድጋል፤ ክፉዋ ተራ የምትደርሰው ከዚያ በኋላ ሲሆን ነው የሚከፋው።

«ጥቁርና ሦስተኛው ዓምድ» የሚባለው ዘዴ 26 ቁጥር ይሸፍናል። እሱስ?

ይህኛው በቪዲዮ የሚሸጥ ነውና እስከ ታች ድረስ እንፍታው። ሦስተኛው ዓምድ (3፣ 6፣ 9 እያለ እስከ 36) 8 ቀይና 4 ጥቁር አለው። ስለዚህ 100 ብር ጥቁር ላይ፣ 100 ብር ዓምዱ ላይ ሲያስይዙ ከ37ቱ 26 ይሸፈናል። እውነት ነው። ውጤቱ ግን እንዲህ ይከፈላል።

4 ቁጥሮች ጥቁርም ዓምዱም ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው 300 ብር ይገኛል፣ ድምሩ 1,200።
14 ቁጥሮች ጥቁር ሆነው ከዓምዱ ውጭ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ያጣፋል፣ ዜሮ ለዜሮ።
8 ቁጥሮች ቀይ ሆነው ዓምዱ ውስጥ ናቸው፤ 100 ብር ይገኛል፣ ድምሩ 800።
የቀሩት 11 ላይ 200 ብር ይበላል፣ ድምሩ 2,200።

2,000 ገብቶ 2,200 ይወጣል። ጎደሎው 200 ብር ነው፣ በ37 ዙር ከተያዘው 7,400 ብር 2.7 በመቶ። እዚያው ተመለስን። «26 ቁጥር ይሸፍናል» ከተባለው ውስጥ 14ቱ ምንም የማያስገኙ ናቸው። ሌላ ዘዴ ሲቀርብልዎም እንደዚህ 37ቱን ቁጥር በየወገኑ ከፍለው ይደምሩት፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ታዲያ ጓደኛዬ እንዴት አሸነፈ?

በአጭር ጊዜ ውስጥ ማሸነፍ ብርቅ አይደለም። ባለ አንድ ዜሮ ጠረጴዛ ላይ ቀይ ላይ ብቻ እኩል እኩል እያስያዘ 100 ዙር የተጫወተ ሰው አትርፎ የመነሳት ዕድሉ ከሦስት አንድ ይበልጣል። 1,000 ዙር ከተጫወተ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። 10,000 ዙር ከተጫወተ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ነው የሚያተርፈው። ጓደኛዎ ምናልባት ከመጀመሪያዎቹ ነው። ካልቆመ ወደ ሦስተኛዎቹ ይሄዳል።

ሩሌትን በእውነት ያሸነፈ ሰው የለም?

አለ፤ ግን ያሸነፉት የማስያዝ ዘዴ ስለፈጠሩ አይደለም፤ የዕቃውን ብልሽት አግኝተው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጆሴፍ ጃገር የተባለ የእንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ሰው በሞንቴ ካርሎ ጸሐፊዎች ቀጥሮ የሚወጡትን ቁጥሮች ለቀናት አስመዘገበ፤ አንዱ መሽከርከሪያ የተወሰኑ ቁጥሮችን እንደሚያዘወትር አገኘ፣ እነሱ ላይ አስይዞም ብዙ ገንዘብ ወሰደ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ መካኒክ ይህን ቢሰማ አይደነቅም፤ የሚዞር ዕቃ ሁሉ ኩሽኔታው ይበላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ማድሪድ ውስጥ ጎንዛሎ ጋርሲያ ፔላዮ ከቤተሰቡ ጋር በተመሳሳይ መንገድ ሠርቷል።

ሌላው መንገድ የኳሷን ፍጥነት መለካት ነው። ኤድዋርድ ቶርፕና ክሎድ ሻነን የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1961 ጫማ ውስጥ የሚደበቅ መቆጣጠሪያ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ሠርተው ላስ ቬጋስ ላይ ሞክረውታል። ላስ ቬጋስ ያለችባት የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 እንዲህ ያለውን መሣሪያ በሕግ ከለከለች።

ዛሬ መሽከርከሪያዎቹ የወጣውን ቁጥር ሁሉ ራሳቸው ይመዘግባሉ። ያጋደለ ነገር ከታየ ከተጫዋቹ በፊት ቤቱ ያውቃል፣ ወይ ያስተካክላል ወይ ይቀይራል። ብልሽትን ከአጋጣሚ ለመለየት የሚያስፈልገው መዝገብ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ነው፤ የአንድ ምሽት ማስታወሻ አያወጣውም።

ውጭ አገር ካዚኖ ብገባ ምን ማወቅ አለብኝ?

ገንዘቡን ለአጫዋቹ በእጁ አይስጡት፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፣ እሱ ካሜራው እንዲያይ ዘርግቶ ይቆጥረዋል። የሩሌት ቺፕ በቀለም ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ቀለም ይሰጠዋል፣ የማን ቺፕ የማን እንደሆነ የሚለየውም በዚያ ነው። የቀለሙ ዋጋ ከዚያ ጠረጴዛ ውጭ የለም። ሲነሱ እዚያው መልሰው በካዚኖው የገንዘብ ቺፕ ያስቀይሩት፤ ኪስዎ ይዘውት ቢወጡ ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ላይ አይመነዘርልዎትም።

ትንሹን ማስያዣ በደንብ ያንብቡ። ቁጥሮቹ ላይ የተበተኑት ቺፖች አብዛኛውን ጊዜ ድምራቸው ትንሹን መጠን ከሞላ ይበቃል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ዓምድና ደርዘን ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው መሙላት አለበት። እጅዎ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ቺፑን ለአጫዋቹ ገፋ አድርገው ቦታውን ይንገሩት። ክርክር ከተነሳ ከአጫዋቹ ጋር ድምፅ አያንሱ፤ ተቆጣጣሪው ይጠራ፣ ቀረጻው ይታያል።

የስልኩ ሩሌት ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እውነተኛ መሽከርከሪያና አጫዋች በካሜራ የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው ሥዕል ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ፕሮግራም ሲሆን ኳሷ ስትዞር የምናየው ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የሚታይ ትርዒት ነው። ፕሮግራሙ በትክክል ከተሠራና በገለልተኛ ወገን ከተፈተሸ ሒሳቡ ያው 2.7 በመቶ ነው። ያልተፈተሸ ከሆነ ተጫዋቹ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ሰው በሞላበት ጠረጴዛ ላይ በሰዓት 35 ዙር ገደማ ይሄዳል፤ በ20 ብር ሲታሰብ የተያዘው 700፣ የሚቆረጠው በአማካይ 19 ብር ነው። ስልክ ላይ በየ12 ሴኮንዱ የሚነካ ሰው በሰዓት 300 ዙር ይጫወታል፤ 6,000 ብር አስይዞ 162 ብር ያስቆርጣል። ጨዋታው ያው፣ መደቡ ያው፣ ጉዳቱ ስምንት እጥፍ ተኩል።

«እስከ 500 እጥፍ» የሚሉ የተሻሻሉ ዓይነቶችም አሉ። ከነሱ ውስጥ አንድ ቁጥር ላይ በመደበኛው 35 ፈንታ 29 ብቻ የሚከፍሉ አሉ፤ ትልቁ ሽልማት የሚወጣው ከዚያ ከተቀነሰው ነው።

500 ብር ቦነስ ሰጥተውኛል። ማውጣት እችላለሁ?

ደንቡን ያንብቡ፤ «30 ጊዜ ማዞር» የሚል ዓይነት ነገር ያገኛሉ። 500 ብር 30 ጊዜ ማለት 15,000 ብር ማስያዝ ነው፤ በ2.7 በመቶ የሚቆረጠው 405 ብር ነው፣ ከቦነሱ 95 ብር ይተርፋል። ግን ብዙ ቦታ ሩሌት ላይ ከሚያዘው ውስጥ 10 በመቶው ብቻ ነው የሚቆጠረው። ያኔ የሚያስፈልገው 150,000 ብር ይሆናል፣ የሚቆረጠውም 4,050 ብር። 500 ብሩን ለማውጣት ማለት ነው።

በግል ሒሳብ ቁጥር ብር ተቀብሎ «እኔ አስገባልሃለሁ» ከሚል ሰው ጋር የሚደረገው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ያሸነፉት ቢቀር ክስ የሚያቀርቡበት ወረቀት የለም። «ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ክፈል» ከተባሉ ገንዘቡ የለም ማለት ነው፤ ሌላ አይጨምሩ።

እዚህ አገር ሕጉ ምን ይላል?

ሎተሪንና መሰል የዕድል ጨዋታዎችን ፈቃድ ሲሰጥና ሲቆጣጠር የኖረው በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። ያለ ፈቃድ ለገንዘብ ማጫወት ያስቀጣል። ለኳስ ውርርድ የተሰጠ ፈቃድ ለሩሌትም ያገለግላል ብለው አያስቡ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ምን እንደሚል ያንብቡ።

ቁጥሮቹ ሲደመሩ 666 ይሆናሉ የሚባለው እውነት ነው?

ከ1 እስከ 36 ያሉት ሲደመሩ አዎ፣ 666 ናቸው። ከ1 እስከ 36 ያለ ማንኛውም ነገር ሲደመር ያው ነው፤ የሩሌት ብቻ አይደለም።

ያለ ገንዘብ ልሞክረው የምችለው እንዴት ነው?

37 እኩል ወረቀት ቆርጠው ከ0 እስከ 36 ይጻፉ፣ እኩል አጥፈው ቆብ ውስጥ ይጨምሩ። ቀዮቹ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 12፣ 14፣ 16፣ 18፣ 19፣ 21፣ 23፣ 25፣ 27፣ 30፣ 32፣ 34 እና 36 ናቸው። ለቺፕ የደብረ ሲና ቆሎ ይበቃል፤ ሽምብራውን ለይተው ለእያንዳንዱ ሰው 100 ፍሬ ይስጡ፣ አንድ ሰው ቤቱ ይሁን፣ እሱም የራሱ 200 ፍሬ ይኑረው። በየዙሩ ቀይ ወይም ጥቁር ላይ አንድ አንድ ፍሬ ይያዝ።

ወጥቶ የተነበበው ወረቀት የግድ ወደ ቆቡ ተመልሶ በደንብ መነቀነቅ አለበት። ካልተመለሰ ጨዋታው ሌላ ይሆናል፤ አምስት ቀይ ወጥቶ ቢቀር ቆቡ ውስጥ በእርግጥም ጥቁር ይበዛል፣ «ደርሷል» ማለትም ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። ሩሌት ወረቀቱን ሁልጊዜ ይመልሳል።

ለአንድ ሰው 100 ዙር ውስጥ የሚጠበቀው ጉድለት ሦስት ፍሬ እንኳ አይሞላም፤ የዕድል መዋዠቁ ግን በአሥር ፍሬ ወዲያና ወዲህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ቤቱ ቢበላ አይገረሙ። አምስት ሰዎች ለተከታታይ ምሽቶች ይጫወቱና የእያንዳንዱን ሳይሆን የቤቱን ፍሬ ብቻ ቆጥረው ይመዝግቡ። ፍሬው እንዳይበላ ደግሞ ሌላ ቆሎ በሰሐን አጠገብ ያስቀምጡ።